የቀያችሁን ስም ለልጆቻችሁ ንገሯቸው
(ለአዲስ ገቢ ወላጆች የተደረገ ንግግር)



ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ወይም ከማትናስ መጥቶ «ስለምንወደው ቦታ የግጥም ውድድር ወጥቷል» ሲላችሁ፣ «እኛ ምን እናውቃለን፣ መምህርትህን ጠይቅ» አትበሉት። የዕብራይስጡ ፊደል ገና ያስቸግራችሁ ይሆናል። ግጥም ግን ታውቃላችሁ። ወፍጮ ላይ ያንጎራጎራችሁት፣ ለቅሶ ላይ ያወረዳችሁት ሙሾ ሁሉ ግጥም ነው። ሠርግ ላይም አንዱ ሲያወጣ ሌላው ይመልስ ነበር፤ ያም ውድድር ነው፣ ዳኛና ሽልማት አልነበረውም እንጂ።

ስለ ቦታ መግጠምም ለእኛ አዲስ አይደለም። በጎንደር የቤተ እሥራኤል ልጆች ሽመላ ሲያልፍ ባዩ ጊዜ ስለ ኢየሩሳሌም በዜማ ይጠይቁት ነበር። ሽመላ በዕብራይስጥ ሐሲዳ ይባላል። በፋሲካ ሰሞን ወደ ሰሜን፣ በነሐሴ ወደ ደቡብ በዚህ አገር ሰማይ ላይ በመንጋ ያልፋል። ልጃችሁን አውጥታችሁ አሳዩት፤ ምን ብለው ይጠይቁት እንደነበረም ንገሩት። ዛሬ ልጁ ስለ ጎንደር ሊጠይቀው ቢፈልግስ? ይጠይቀዋ!

«ስለ ጎንደር ከጻፈ ልቡ እዚህ የለም ይሉታል» ብለው የሚሰጉ አሉ። እኔ አልስማማም። ገደራን እ.ኤ.አ. በ1884 የቆረቆሯት ከሩሲያ የመጡ የቢሉ ወጣቶች ናቸው። ቂርያት ማልአኺ በ1951 ስትጀመር የአዲስ ገቢዎች ጊዜያዊ መጠለያ ነበረች። በስሟ ውስጥ «መልአክ» የሚለውን ቃል ትሰማላችሁ፤ በገንዘብ የረዷት አይሁድ ከሚኖሩባት ከሎስ አንጀለስ የተወሰደ ስም ነው። ያቭኔ ደግሞ ቤተ መቅደሱ በ70 ዓ.ም. ሲፈርስ ራባን ዮሐናን ቤን ዘካይና ሊቃውንቱ የኢየሩሳሌምን ናፍቆት ይዘው የተሰበሰቡባት ናት። ታዲያ የእናንተ ልጅ ናፍቆት ምኑ ያስነውራል?

ቦታን መውደድ ማወደስ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 በቂርያት ማልአኺ የአንዳንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ለኢትዮጵያውያን ቤት ላለመሸጥ ተስማምተዋል ተብሎ ሲሰማ፣ ወገኖቻችን ሰልፍ ወጥተዋል። ልጃችሁ እንዲህ ያለውን ቢጽፍ «ተው» አትበሉት።

አንድ አደራ ግን አለኝ። በሱዳን መንገድ ወደ 4,000 የሚሆኑ ወገኖቻችን አልቀዋል። ከዘመዶቻችሁ በዚያ መንገድ የቀረ ካለ፣ ወይም ጎንደር ላይ ተራውን የሚጠብቅ ወንድም ካላችሁ፣ ስሙ በሰው ፊት ከመነበቡ በፊት ልጁ አያቱን ያስፈቅድ።

የቀረው ቀላል ነው። ልጁ በዕብራይስጥ ይጻፍ፤ የወንዙንና የመንደሩን ስም ግን እንዳለ ያስቀምጥ፣ አይተርጉመው። በዕብራይስጥ ዛሬ ብዙዎች ቤት ሳይመቱ ስለሚገጥሙ በዚያ አትጨነቁ። ከማስገባቱ በፊት ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። የወንዛችሁን ስም ካጣመመው፣ ያን ማረም የእናንተ ሥራ ነው።