ለጠርዙም በጀት ይያዝ

የተፈጥሮ ሀብት ትምህርት ክፍል ተመራቂዎች፤

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1985 አሜሪካ ያወጣችው የእርሻ ሕግ፣ መንግሥት ለመሸርሸር የተጋለጠ መሬት ከገበሬው ላይ እንዲከራይ ፈቀደ። ገበሬው መሬቱን ከ10 እስከ 15 ዓመት ሣር ያለብሰዋል እንጂ እህል አይዘራበትም፤ ኪራዩን በየዓመቱ ይቀበላል። የታሰበው አፈሩን ለማዳንና ገበያ ያጥለቀለቀውን እህል ለመቀነስ ነበር። የዱር ዳክዬዎች ግን ሳይጠሩ መጥተው በዳኮታ ሣር ውስጥ እንቁላል ጣሉ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የአዮዋው ነው። ተመራማሪዎች ከ2007 ጀምሮ በበቆሎና በአኩሪ አተር ማሳ ውስጥ፣ ተዳፋቱን አቋርጠው፣ አገር በቀል ሣርና አበባ በጠባብ በጠባቡ ዘሩ። ከማሳው አንድ አሥረኛው ብቻ ለዚህ ሲለቀቅ በጎርፍ የሚታጠበው አፈር ከ90 በመቶ በላይ ቀነሰ። አበባ የሚያዳቅሉ ነፍሳት ከሦስት እጥፍ በላይ፣ ወፎች እጥፍ ሆኑ። በዚያው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2018 የወጣው የአሜሪካ የእርሻ ሕግ ይህንንም ኪራይ ከሚከፈልባቸው ሥራዎች አስገባው።

እንከን የለውም አልላችሁም። በ2007 ወደ 15 ሚሊዮን ሄክታር የደረሰው የኪራይ መሬት፣ እህል ሲወደድና ውል ሲያልቅ እየታረሰ፣ በ10 ዓመት ውስጥ ከሲሶው በላይ ቀንሷል። ክፍያው ከገበያው ካነሰ ገበሬ ያርሳል፤ ምን ያድርግ?

እኛ ዘንድ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ያለው የይዞታ መብት ነው። ማሳውም ጠባብ ነው። ግማሽ ሄክታር ለሚያርስ ሰው «አንድ አሥረኛውን ተው» ማለት ድፍረት ነው። የማሳው ወሰን ግን አለ። ድንበር መግፋት የሚያመጣውን ጣጣ የገጠር ልጅ ሁሉ ስለሚያውቅ፣ ወሰኑ ሳይታረስ ይቀራል። አደይ አበባውና መጩ የሚፈነዳው እዚያ ነው። ኑግ የራሱን ብናኝ እምብዛም አይቀበልም፤ ፍሬ የሚይዘው ንብ ከሌላ ኑግ ስታመጣለት ነው። ታዲያ ጤፉ ላይ ቱፎርዲ የተባለውን ፀረ አረም የሚረጨው ገበሬ እጁን ሳይሰበስብ ወሰኑንም ሲያዳርሰው፣ አደዩ በቆመበት ይጠወልጋል፤ ንቧ ኑጉ እስኪያብብ የምትቀስመው ታጣለች።

ነገ ወረዳ ላይ የተፋሰስ ዕቅድ ስታዘጋጁ፣ ከእርከኑና ከችግኙ ቀጥሎ፣ ወሰኑን ሳይረጭ አበባውን ለሚያቆይ ገበሬ የሚከፈል በጀት አስገቡ። ይሰርዙባችሁ ይሆናል። በዓመቱ መልሳችሁ አስገቡት።