በደቃቅ ፊደል የታተመ ኑሮ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



መሐንዲስ አንድን ሥርዓት ለመመርመር በተነሣ ጊዜ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ መለኪያው ምንድን ነው የሚል ነው። የወንዝ ከፍታ በውሃው ዳር በተተከለ ዘንግ፣ የኤሌክትሪክ መሥመር ጭነት በአምፔር መለኪያ ይታወቃል። በጦርነት ውስጥ የወደቀች የአንዲት ትንሽ ከተማ የዕለት ኑሮ ግን በምን ይለካል? መንግሥታት የሚያወጡት መግለጫ አለ፤ ነገር ግን መግለጫ የሚጻፈው ሕዝብ እንዲያምን በሚፈለገው ነገር ላይ ተመሥርቶ ነው። የግል ማስታወሻ አለ፤ እርሱም የአንድ ሰው ዓይን ያየው ብቻ ነው።

ዛሬ ለዚህ ጉባኤ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በጋዜጦች ውስጥ በደቃቅ ፊደል የሚታተመው የጥቃቅን ማስታወቂያዎች ዓምድ፣ ማለትም «ይሸጣል»፣ «ይፈለጋል»፣ «ይለወጣል» የሚለው ክፍል፣ ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የተሻለ መለኪያ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ማስታወቂያውን የሚያወጣው ሰው ከኪሱ ይከፍላል፤ ለከፈለበትም ነገር መልስ ይሻል። ጫማ የሚያስፈልገው ሰው «ጫማ እፈልጋለሁ» ብሎ ካልጻፈ ጫማ አያገኝም። በዚያ ዓምድ ውስጥ የሐሰት ወሬ ማውጣት ለማንም ትርፍ የለውም። ይሁን እንጂ ማንኛውም መለኪያ የማያነብበው ነገር አለ። ይህንንም ለይቶ ማወቅ የሙያችን ግዴታ ስለሆነ፣ በንግግሬ መጨረሻ ላይ ወደዚሁ እመለሳለሁ።

ለምሳሌነት የመረጥኩት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጀርመን ጦር የተያዙትን የቻነል ደሴቶች፣ በተለይም የገርንዚን ደሴትና ዋና ከተማዋን ሴይንት ፒተር ፖርትን ነው። እነዚህ ደሴቶች ለፈረንሳይ ጠረፍ የቀረቡ ሲሆኑ የእንግሊዝ ዘውድ ግዛቶች ናቸው። የመረጥኳቸውም ትንሽ፣ የተዘጉና አምስት ዓመት ሙሉ ራሳቸውን በራሳቸው ለማኖር የተገደዱ ስለነበሩ ነው። ለመሐንዲስ እንዲህ ያለ ቦታ ድንበሩ በግልጽ የተሰመረለት የመመርመሪያ መስክ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ በስተመጨረሻ ስለ አገራችን ከማነሣቸው በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በጁን 1940 ፈረንሳይ ስትወድቅ የእንግሊዝ መንግሥት ደሴቶቹን ላለመከላከል ወሰነ። ከገርንዚ 42 ሺሕ ያህል ነዋሪዎች 17 ሺሕ ያህሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከመምህሮቻቸው ጋር ወላጆቻቸውን ትተው የሄዱ ተማሪዎች ነበሩ። ጁን 28 ቀን የጀርመን አውሮፕላኖች በወደቡ ላይ ቲማቲም ለመጫን የተሰለፉትን የጭነት መኪናዎች ደበደቡ፤ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሁለት ቀን በኋላ ደሴቲቱ ተያዘች። በማግሥቱ የወጣው ጋዜጣ የፊት ገጹን ለጀርመኑ አዛዥ ትእዛዝ ለቀቀ፤ ሕዝቡ ከምሽቱ 5 ሰዓት ጀምሮ ከቤት እንዳይወጣ ተነገረ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ጋዜጣው ሁለት ጠባይ ነበረው። ዜናው በጀርመን ሳንሱር ሥር ወደቀ። አንባቢው በፊት ገጹ ላይ የሚያነበው የድል ወሬ የማን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ማስታወቂያው ግን የራሱ የሕዝቡ ሆኖ ቀረ። ሳንሱሩ የጦር ግንባርን ወሬ መለወጥ ይችላል፤ አንዲት እናት ለልጇ ጫማ ማጣቷን ግን ሊለውጥ አይችልም።

በዚህ ዓምድ ውስጥ የታየው ታላቅ ለውጥ የገንዘብ ከሥራ መውጣት ነበር። የጀርመን ማርክ በጦሩ እጅ ወደ ደሴቶቹ ገባ፤ የእንግሊዝ ገንዘብ ደግሞ እየጠፋ ሄደ። የዕቃ ዋጋ በሕግ ተወስኗል፤ ዕቃው ግን በሱቅ የለም። እንግዲህ ሳሙና ያለው ሰው ሳሙናውን በሕጋዊው ዋጋ ሸጦ የሚቀበለው የወረቀት ገንዘብ ምን ሊገዛለት ይችላል? ስለሆነም ዕቃውን የሚሰጠው በዕቃ ብቻ ሆነ። «ይሸጣል» የሚለው ቃል እያነሰ፣ «ይለወጣል» የሚለው እየበዛ ሄደ። ጫማ በጥንቸል፣ የሕፃን ልብስ በሻይ ቅጠል፣ የብስክሌት ጎማ በትምባሆ ተለወጠ። አያቶቻችን አሞሌ ጨው ይዘው ገበያ ይወጡ ስለነበር ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እነርሱ ግን አሞሌውን የያዙት በቆየ ልማድ ነው፤ የገርንዚ ሰዎች በባንክና በቼክ ከኖሩ በኋላ ወደዚያው የተመለሱት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነበር።

በዚህ ላይ አንድ የሒሳብ ነጥብ ላክል። ዕቃ በዕቃ ለመለወጥ ሁለት ሰዎች መገናኘት ብቻ አይበቃቸውም፤ አንዱ ያለው ለሌላው የሚያስፈልግ መሆን አለበት። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ለመለወጥ የሚሹ 100 ሰዎች ቢኖሩና እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር ተገናኝቶ ቢነጋገር 4,950 ንግግር ያስፈልጋል። በብስክሌት እንኳ መሄድ በሚያስቸግርበት፣ ከምሽት በኋላም መውጣት በተከለከለበት አገር ይህ የማይቻል ነው። ዓምዱ ግን እነዚህን ሁሉ ንግግሮች በአንድ ቦታ ወደ ተሰለፉ 100 አጫጭር መሥመሮች ያወርዳቸዋል። ደላላ ሳይኖር የደላላን ሥራ ሠራ ማለት ነው። የከተማው የውሃ ቧንቧና የኤሌክትሪክ መሥመር የሚቆጠር ከሆነ፣ ይህም ዓምድ በዚያን ጊዜ ከከተማው የአገልግሎት መሥመሮች አንዱ ሆኖ ሊቆጠር ይገባዋል።

ለሙያችን ሰዎች ደግሞ በልውውጡ ውስጥ የተጠቀሱት ዕቃዎች ራሳቸው ብዙ ይናገራሉ። የብስክሌት ጎማ ብርቅ የሆነው ቤንዚን ለሕዝቡ ስለተከለከለና ጎማ ከውጭ መግባቱን ስላቆመ ነው፤ ጎማ ያጣ ሰው የአትክልት ማጠጫ ቱቦ ቆርጦ በብስክሌቱ እግር ላይ ያሥር ነበር። ቆዳ በመጥፋቱ የጫማ ሶል ከእንጨት ተሠራ። ሻይ ከእንጆሪ ዓይነት ቁጥቋጦ ቅጠል፣ ቡና ከተጠበሰ የሥራ ሥርና ከባሉጥ ፍሬ ተዘጋጀ። ስኳር ሲጠፋ የስኳር ቀይ ሥር ተቀቅሎ ጭማቂው እስኪወፍር ተነጠረ፤ ድንች ተፍቆና ታጥቦ ዱቄቱ ወጣለት። ጨው ሲያልቅ ሕዝቡ ምግቡን በባሕር ውሃ አበሰለ። ማገዶ ለመቆጠብ ፈልቶ የወረደ ድስት ድርቆሽ በተሞላ ሣጥን ውስጥ ታፍኖ በራሱ ሙቀት ይበስል ነበር። ከእነዚህ ሥራዎች አብዛኞቹ የባለሙያ ሳይሆኑ የቤት እመቤቶች ሥራዎች ናቸው። ችግር ብልሃትን ይወልዳል ይባላል፤ ነገር ግን ብልሃቱ የተሰራጨው ሰው ለሰው እየተነጋገረ፣ መፍቂያውና ድስቱም ከእጅ ወደ እጅ እየተለወጠ በመሄዱ ነው።

በጁን 1944 የተባበሩት ኃይሎች በኖርማንዲ ከወረዱና የፈረንሳይ ጠረፍ ከተለቀቀ በኋላ ደሴቶቹ ከሁለቱም ወገን ተቆረጡ። ነዋሪውም ወራሪውም አብረው ተራቡ። ጋዝና መብራት በየተራ ተቋረጡ። በዲሴምበር 27 ቀን 1944 ቪጋ የተባለችው የስዊድን መርከብ የቀይ መስቀልን የምግብ ጥቅሎች ይዛ ሴይንት ፒተር ፖርት ባትደርስ ኖሮ ብዙ ሕይወት በጠፋ ነበር። ያም ሆኖ በ1945 መጀመሪያ ላይ ዳቦ ጨርሶ የታጣበት ጊዜ ነበር። ገርንዚ ነፃ የወጣችው በሜይ 9 ቀን 1945 ነው።

እስካሁን መለኪያው የሚያነብበውን ተናገርኩ። አሁን ወደማያነብበው እሻገራለሁ።

በመጀመሪያ፣ ዓምዱ የተከለከለውን ነገር አያሳይም። በጁን 1942 የሕዝቡ ራዲዮኖች ሁሉ ተወረሱ። ሕዝቡ ግን የክሪስታል መቀበያ መሥራትን ተማረ። ይህ መሣሪያ፣ እንደምታውቁት፣ ባትሪም ሆነ የመብራት መሥመር አይፈልግም፤ ጠቅላላ ጉልበቱን የሚያገኘው ከማዕበሉ ከራሱ ነው። ረጅም ሽቦ፣ በእጅ የተጠቀለለ ጥምጥም፣ አንዲት ቁራጭ ማዕድንና ማዳመጫ ይበቁታል። ከእነዚህ ሁሉ በእጅ ለመሥራት የሚያስቸግረው ማዳመጫው ስለሆነ፣ በየመንገዱ ከቆሙት የሕዝብ ስልኮች ማዳመጫዎች እየተፈቱ ይወሰዱ ጀመር። «ማዳመጫ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ግን ማንም ሊያወጣ አይችልም ነበር። ስለዚህ ከዓምዱ ውስጥ የአንድ ነገር መጥፋት ነገሩ አልተፈለገም ማለት አይደለም፤ እጅግ ተፈልጎም ይሆናል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ዓምዱ ምንም የሌለውን ሰው አያሳይም። ጀርመኖች ደሴቶቹን በኮንክሪት ምሽግ ለመክበብ በሺሕ የሚቆጠሩ ሠራተኞችን ከአውሮፓ ልዩ ልዩ አገሮች አመጡ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በግዳጅ የተወሰዱና በረኀብና በድብደባ የሚሠሩ ነበሩ። የሚለውጡት ጥንቸል፣ የሚሰጡት ሳሙና፣ የሚጽፉበትም አድራሻ አልነበራቸውም። በደሴቶቹ ላይ ከሁሉ የባሰው ችግር በዓምዱ ውስጥ አንዲት መሥመር እንኳ አላገኘም። ምሽጎቹ እስከ ዛሬ ቆመዋል፤ ኮንክሪት ለሚያውቅ ባለሙያ የእነዚያን ሰዎች ድካም የሚመሰክሩት እነርሱ ናቸው።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ከሁሉም የከበደው ነጥብ ይህ ነው። ሕዝቡን ያኖረው ወረቀት የገዢውን ትእዛዝም ተሸክሞ ይወጣ ነበር። በኦክቶበር 1940 አይሁዳውያን ቀርበው እንዲመዘገቡ የሚያዝዘው ማስታወቂያ የወጣው በእነዚሁ የደሴቶቹ ጋዜጦች ነው። የተመዘገቡት በጣም ጥቂት ነበሩ። ከገርንዚ ሦስት ሴቶች በኤፕሪል 1942 ወደ ፈረንሳይ ተወሰዱ፤ ከዚያም ወደ ኦሽዊትዝ ተልከው እዚያው ጠፉ። በጁላይ 1941 በግድግዳ ላይ የድል ምልክት የሚጽፈውን ሰው ለጠቆመ 25 ፓውንድ ወሮታ እንደሚከፈል በደሴቲቱ ዋና ሹም ስም ታወጀ። በሴፕቴምበር 1942 ደግሞ በእንግሊዝ የተወለዱ ነዋሪዎች ወደ ጀርመን እንዲወሰዱ ትእዛዝ ወጥቶ 2 ሺሕ ያህል ሰዎች ከደሴቶቹ ተጋዙ።

እንግዲህ ያው ማተሚያ፣ ያው ቀለም፣ ያው ፊደል ለቃሚ፣ ለአንዷ እናት የልጅ ጫማ አገኘላት፤ ሌላዋን ደግሞ ስሟን በመዝገብ እንድታስጽፍ ጠራት። መሥመሩ የሚያልፍበትን መልእክት አይመረምርም። የመረጃ መሥመር ብንዘረጋ፣ መዝገብ ብናደራጅ፣ ቁጥር ብንሰጥ፣ ሥራችን በጎም ክፉም ሊተላለፍበት እንደሚችል ማወቅ አለብን። ዛሬ መዝገቡ በወረቀት ሳይሆን በኮምፒውተር ሲያዝ ይህ ኃላፊነት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ክቡራንና ክቡራት፤ ይህን የሩቅ ደሴት ታሪክ ያነሣሁት ለእኛ ቅርብ ስለሆነ ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በአገራችን ሰሜን ክፍል በተካሄደው ጦርነት ጊዜ ባንክ፣ ስልክና መብራት ለረጅም ጊዜ የተቋረጠባቸው ከተሞች ነበሩ። ሰው በባንክ ያስቀመጠውን የራሱን ገንዘብ ማውጣት አልቻለም። በእነዚያ ከተሞች ሕዝቡ ምን በምን ለወጠ? ወፍጮው ናፍጣ ሲያጣ በምን ተፈጨ? የውሃ ፓምፕ ሲቆም ውሃ ከየት ተቀዳ? ለዚህ መልስ የሚሰጥ የጋዜጣ ዓምድ አላስቀመጥንም። መልሱ ያለው በባለ ሱቁ የዱቤ ደብተር፣ በዕድሩ መዝገብ፣ በወፍጮ ቤቱ ማስታወሻና ይህን ኑሮ በኖሩት ሰዎች ቃል ውስጥ ነው። እነዚህ ወረቀቶች ጥቃቅን ስለሆኑ ማንም አያስባቸውም፤ አይጥና እርጥበት ግን ጊዜ አይሰጣቸውም።

ስለሆነም ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በየከተማው ለሥራ የምንሠማራ ባለሙያዎች፣ የመሥመርና የቧንቧ ጥገና ሪፖርት በምንጽፍበት ጊዜ፣ ሕዝቡ አገልግሎቱ በተቋረጠበት ዘመን ምን አድርጎ እንደኖረ ጠይቀን አንድ ገጽ እንጨምር። እንዲህ ያለው ገጽ በየትኛው መሥሪያ ቤት ቅጽ ላይም አልተጠየቀም። ነገር ግን የሚቀጥለውን ጣቢያ፣ የሚቀጥለውን የውሃ ማጠራቀሚያ ስንነድፍ የትኛው ክፍል መጀመሪያ እንደሚሰበርና የትኛው ከሁሉ በላይ እንደሚያስፈልግ የሚነግረን እርሱ ነው። ዓምዱ የማያሳያቸውን፣ ማለትም የሚለውጡት ያልነበራቸውንና አድራሻ ያልነበራቸውን ሰዎች፣ እኛው ራሳችን ሄደን ካልጠየቅን በቀር የሚጽፍላቸው የለም።