ቡናን በአበባ ሸክላ ማሳደግ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የቀረበ ንግግር)



ቡናን በሄክታር ለሚቆጥር ገበሬ ስለ አንድ እግር የሸክላ ቡና ማውራት ቀልድ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ቡና ወደ አሜሪካ ምድር ከተሻገረባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1714 የአምስተርዳም ሹማምንት አንድ የቡና ተክል ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ በስጦታ ሰጡ። በ1720ዎቹ መጀመሪያ ደ ክሊዩ የተባለ መኮንን ከፓሪስ ያገኘውን ችግኝ በመርከብ ይዞ ማርቲኒክ ደሴት ገባ። በጉዞው ላይ ውኃ ቢያጥር የራሱን የመጠጥ ድርሻ ለችግኙ እንዳካፈለ ጽፏል። እንዲህ ከጠባብ ምንጭ የተቀዳ ዘር የቅጠል ዋግ ሲመጣበት አቅም አጣ። ሰፊው የዘር ሀብት ያለው በካፋ፣ በሸካ፣ በያዩና በሐረና ጫካዎች ነው። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እመለስበታለሁ።

ጃፓኖች ቦንሳይ የሚሉት ጥበብ ዛፍን በትንሽ ሸክላ ውስጥ ሥሩንና ቅርንጫፉን እየገረዙ አሳጥሮ ማኖር ነው። በጠባብ ሸክላ ተተክሎ የተረሳ ችግኝ ቦንሳይ አይባልም፤ የተራበ ተክል ነው። ቡና ደግሞ ለዚህ ሥራ ገር አይደለም። ቅጠሉ ትልቅ ነው፤ ዛፉ ቢያጥርም ፍሬው አያንስም። እኔ ግን ከባዕድ ጌጥ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

አፈሩ ሁለት እጅ የጫካ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ይሁን፤ ሸክላው ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው። ችግኙ ሲጠነክር የዋናው ሥር ጫፍ ይቆረጥና የጎን ሥሮች ይበረታታሉ። መቀሱ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጉንደላ የምታውቁ እንደምታውቁት፣ የቡና ጫፍ ሲቆረጥ ቀጥ ያሉ ቀንበጦች ከግንዱ ይወጣሉ። የጎን ቅርንጫፍ ከግንዱ ላይ ከተነቀለ ግን በዚያው ቦታ ሌላ አይተካም። ስለዚህ የጎኑን ጫፉን ብቻ ቀንጥቡ።

የአዲስ አበባ ችግር ብርዱ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሸክላው በረንዳ ላይ ማደር የለበትም፤ ውርጭ ቡናን ይገድላል። የጠዋት ፀሐይ ይበቃዋል፣ የቀትሩ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ውኃ የሚጠጣው የላይኛው አፈር በጣት ሲነካ ደርቆ ሲገኝ ነው። ጥጥ የመሰለ ነጭ ተባይ ከታየ በሳሙና ውኃ በተነከረ ጨርቅ ይጠረግ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት፣ ውኃ ለጥቂት ሳምንታት ቀንሶ ከዚያ በደንብ ማጠጣት አበባውን ይጠራዋል፤ በአሥር ቀን ገደማ ቤቱ በሽታው ይሞላል። ቡና ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል አንድ እግርም ያፈራል። ፍሬው ለመቅላት ሰባት፣ ስምንት ወር ይፈልጋል። ለአንድ ጀበና ይበቃል ብሎ ማንም እንዳይዋሽ።

አሁን ወደ ዩኒየኑ ጉዳይ ልምጣ። የክረምት ተከላ ካለቀ በኋላ የሚተርፍ ችግኝ በየጣቢያው እንደሚደርቅ ሁላችንም እናውቃለን፤ የዘር፣ የላስቲክና የውኃ አጠጪ ጉልበት የወጣበት ነው። በጀሞና በለቡ ኮንዶሚኒየም ደግሞ ቡና በቀን ሦስት ጊዜ የሚያፈላ፣ ልጁ ግን የቡና ዛፍ አይቶ የማያውቅ ቤተሰብ ብዙ ነው። የተረፈውን ለእሱ ብንሸጥለት ለሁለታችንም ይበጃል።

ነገር ግን ሁለት ሁኔታ አስቀምጣለሁ። አንደኛ፣ ከጫካ ተነቅሎ የሚመጣ ችግኝ አይሸጥ፤ ከጣቢያችን የወጣ ብቻ ይሁን፣ በእያንዳንዱ ሸክላ ላይም ዘሩ የተገኘበት ወረዳ ይጻፍ። የፓሪሱ ዛፍ የትውልድ ጫካው ስም ሳይከተለው ነው ባሕር የተሻገረው። ሁለተኛ፣ ከተማ የቆየ ሸክላ ከነአፈሩ ወደ ማሳ አይመለስ። ግንድ አድርቆ የሚገድለው የቡና በሽታ በአፈር ይተላለፋልና፣ ለጥቂት ብር ብለን የአባሎቻችንን ማሳ ማስያዝ አይገባንም።

ከክፍለ ከተማው አመራሮች የምንጠይቀው በመንገድ ዳር የአበባ ችግኝ ከሚሸጡት ወጣቶች ጋር አብረን የምንሠራበት አነስተኛ የመሸጫ ቦታ ነው። ሥራውን ያውቁታል፤ ስለ ቡናው እኛ እናሠለጥናቸዋለን። ሦስት ሸክላ ይዤ መጥቻለሁ፣ በሩ አጠገብ ናቸው፤ ወጥታችሁ እዩአቸው።