ለሞላሌ የሚሆነው ዲስክ የትኛው ነው?



ስለ ዲስክ ምርጫ እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ ብዙዎቻችሁ የፈጣኖቹን ዝርዝር እንደምትጠብቁ ዐውቃለሁ። እኔ ግን የመንዝ ልጅ ነኝና ነገሩን ከሞላሌ ልጀምረው።

በአገራችን አድባራት ያሉትን የብራና መጻሕፍት ፎቶግራፍ አንሥተን በኮምፒዩተር እናስቀምጥ የሚለው አሳብ በመካከላችን ከተነሣ ሰንብቷል። በ1973 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሥተው፣ ቅጂያቸው በአሜሪካ በሚኔሶታ ኮሌጅቪል ተቀምጧል። ያ ትውልድ ፊልም መረጠ፤ የኛ ምርጫ ዲስክ ነው።

እስቲ እናስላ። ባለ 50 ሚሊዮን ነጥብ ፎቶግራፍ ሳይጨመቅ 150 ሜጋባይት ይሆናል። ባለ 300 ገጽ መጽሐፍ 45 ጊጋባይት፣ በቀን አራት ብናነሣ 180 ጊጋባይት ነው። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ 200 ሜጋባይት ያህል ስለሚጽፍ ይህን በሩብ ሰዓት ይጨርሰዋል። እንግዲህ ለማስቀመጥ ብቻ ከሆነ ፍጥነቱ አላነሰም። ችግሩ ከብዙ ሺህ ትንንሽ ፋይሎች አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ ስንፈልግ ነው፤ ሃርድ ዲስኩ በሴኮንድ መቶ ጊዜ ያህል ብቻ ሲደርስ፣ ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው ግን ብዙ ዐሥር ሺህ ጊዜ ይደርሳል።

ሞላሌ ላይ ግን ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም አየሩ ነው። የሃርድ ዲስክ አንባቢ ራስ ከሚሽከረከረው ገጽ ላይ የሚንሳፈፈው በአየር ትራስ ነው፤ ከፍታውም ከሚሊሜትር መቶ ሺህኛ እንኳ ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ ራሱ ወደ ገጹ ይቀርባል፤ የነካው እንደሆነ ጽሑፉ ተፋቀ ማለት ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ሠሪዎች ከ3,048 ሜትር በላይ እንዳይሠራበት በወረቀታቸው ይጽፋሉ። ሞላሌ 3,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ጓሳ ደግሞ ከዚያ በላይ። ይህን ወረቀት ገዢ ሲያነብ አይቼ አላውቅም።

ታዲያ ኤስ ኤስ ዲ እንግዛ ብንል ገበያው ያታልላል። በሴኮንድ 7,000 ሜጋባይት ተብሎ የሚሸጠው ርካሽ ዕቃ ፈጣኑ ክፍሉ እስኪሞላ ብቻ ይሮጣል፤ ከሞላ በኋላ ከሃርድ ዲስክም አንሶ የሚገኝበት ጊዜ አለ። መብራት ድንገት ሲጠፋ ደግሞ ያልጨረሰውን ይጥላል። እኔ ራሴ አገር ቤት የዘመዶቼን የሠርግ ፊልም ስገለብጥ መብራቱ ሄደና ግማሹን ሠርግ አጣሁ። ሠርጉን ሰው እያወራ ያስታውሰዋል። ቄሰ ገበዙ ግን ከዕቃ ቤት አውጥተው የገለጡልንን መጽሐፍ እንደገና አውጡልን ለማለት ምን ፊት ይኖረናል?

ስለዚህ የኔ ምርጫ ይህ ነው። ሞላሌ ላይ፣ መብራት ሲጠፋ የጀመረውን የሚያስጨርስ የኀይል ማጠራቀሚያ ያላቸው ሁለት ኤስ ኤስ ዲዎች ይኑሩ፤ ፍጥነታቸውም ረጅም ጽሑፍ ተጽፎባቸው ይለካ። የዕለቱ ሥራ በዚያው ማታ በሁለቱም ላይ ይገልበጥ፤ ኮምፒዩተሩ ሁለቱ ቅጂዎች አንድ መሆናቸውን ሳያረጋግጥ የካሜራው ካርድ አይደምሰስ። ርካሹና ሰፊው ሃርድ ዲስክ አዲስ አበባ ይቀመጥ፤ ከተማው ከሞላሌ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል ወሰኑን አያልፍም። ገንዘቡ ካልበቃ ከፍጥነቱ እንቀንስ እንጂ ሁለተኛውን ቅጂ አንተው። ሦስተኛው ቅጂ በየደብሩ ይቅር፤ መጽሐፉ የነሱ ነውና።