የሰው ቤት፣ የሰው ሐቅ

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም



የዛሬውን ዝግጅታችንን በአንዲት እህታችን ጥያቄ እንጀምራለን። ይህች እህት ዐረብ ሀገር ስምንት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሠራች። ካርታው በስሟ ነው። ቤቷን ቆልፋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ስትመጣ ግን ቁልፉ ተሰብሮ አንድ የሩቅ ዘመዷ ልጆቹን ይዞ ገብቶበታል። ከገባ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። “ውጣልኝ” ብትለው አሻፈረኝ አለ። ፖሊስ ዘንድ ብትሄድ “ፍርድ ቤት ሂጂ” ተባለች። ወንድሞቿ ደግሞ “ዱላ ይዘን እናስወጣዋለን” እያሉ ነው። “ቤቱ የራሴ ነው፤ ባስወጣው ወንጀል አለብኝ ወይ?” ስትል ትጠይቃለች።

እህቴ፣ ሐቁ ያንቺ ነው። የሰውን ንብረት በጉልበት መያዝ ዑለማዎች “ገስብ” የሚሉት ግልጽ ዙልም ነው። ሆኖም ዙልም በዙልም አይነሳም። ወንድሞችሽ በዱላ ገብተው ከነዚያ ልጆች አንዱ ቢጎዳ፣ ቤት ለማስመለስ የወጣ ሰው የደም ባለዕዳ ሆኖ ይመለሳል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1148 ሰው ይዞታውን በኃይል ወይም በድብቅ ሲነጠቅ ወዲያውኑ እንዲያስመልስ ይፈቅድለታል፤ ያውም ከመጠን ያለፈ ኃይል ሳይጠቀም። “ወዲያውኑ” የምትለዋን ቃል ልብ በሉ! ዓመት ካለፈ በኋላ በጉልበት ብታስወጪው ከሳሹ እሱ፣ ተከሳሿ አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ።

መንገዱ ቁጥር 1149 ነው። “ሁከት ይወገድልኝ” ብለሽ ትከሻለሽ። ቤቱ በእጅሽ እንደነበረና እንዴት እንደተወሰደ በሰነድና በጎረቤት ምስክር ታስረጃለሽ። እሱ መብት እንዳለው ወዲያውኑና በማያጠራጥር ሁኔታ ካላስረዳ ፍርድ ቤቱ ይመልስልሻል፤ ለደረሰብሽም ጉዳት ካሣ መጠየቅ ትችያለሽ። ሲፈረድልሽ ቤቱን የሚያስለቅቀው የፍርድ ቤቱ የአፈጻጸም ትዕዛዝ እንጂ የወንድሞችሽ ክንድ አይደለም።

ግን ተጠንቀቂ! ይህ ክስ የሚቀርበው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። የሚቆጠረውም አንቺ ከመጣሽበት ሳይሆን እሱ ከገባበት ቀን ነው። ስለዚህ የቀረሽ ስምንት ወር ነው። ሽማግሌ መላክ መልካም ነው፤ ለልጆቹ አዝነሽ የመውጫ ጊዜ ብትሰጪውም አጅር አለው። ስምምነቱ ግን በጽሑፍ ይሁን፤ “ዛሬ ነገ” ሲባል ጊዜው እንዳያልፍብሽ። ይህ ጊዜ ቢያልፍ እንኳ በቁጥር 1206 መሠረት ባለቤት ንብረቱን ያለ አግባብ ከያዘው ሰው የመጠየቅ መብት አለው።

አሁን ደግሞ ቤቱን ለያዝከው ወንድማችን አንድ ቃል። ጀነት ከተበሰሩት ከአሥሩ ሶሓቦች አንዱ የሆኑት ሰዒድ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ.) በአንዲት ሴት ተከሰው ነበር። “መሬቴን ወሰደብኝ” ብላ የመዲና ገዥ ዘንድ አቆመቻቸው። እሳቸውም ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰሙትን አስታወሱ፦ አንዲት ስንዝር መሬት በዙልም የወሰደ ሰው በቂያማ ቀን ከሰባት ምድር ድረስ በአንገቱ ይጠለቅለታል። ይህን ሰምቶ ማን ይደፍራል? አንተ ግን የያዝከው ስንዝር አይደለም፤ የአንዲት ሴት የስምንት ዓመት ላብ ነው።

“ጠበቃ ይዤ እረታለሁ” ትል ይሆናል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እሳቸው ራሳቸው በተከራካሪ አንደበት ማማር የአንዱን ሐቅ ለሌላው ቢፈርዱ እንኳ፣ የሚቀበለው ከእሳት ቁራጭ መሆኑን አስጠንቅቀዋል። የእሳቸው ፍርድ ሐራሙን ሐላል ካላደረገ የማን ፍርድ ያደርገዋል?

ጎረቤቶችም! ቁልፉ ሲሰበር ያያችሁ ምስክርነታችሁን አትደብቁ።

አላህ (ሱ.ወ.) የሰው ሐቅ ከማይበሉት፣ የራሳቸውንም ሐቅ በሐቅ ከሚጠይቁት ያድርገን። አሚን። ወስ-ሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።