የመቀሌን ስም የተሸከመችው ሰርጓጅ መርከብ



ከባሕር ርቀን በምንኖርበት በሚዛን ተፈሪ ስለ ሰርጓጅ መርከብ መነጋገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ርእሳችን ከገዛ ታሪካችን የራቀ አይደለም። የምጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረችበት ዘመን ባሕር ኃይሏ በ«አድዋ» ስም የሚጠራ የሰርጓጅ መርከቦች ምድብ አሠራ። 17ቱ መርከቦች ስማቸውን ያገኙት ከአፍሪካ ነው፤ መቀሌ፣ አላጌ፣ አክሱም፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ተምቤን፣ አሸንጌ፣ ዋቢ ሸበሌ ይገኙባቸዋል። ከእነዚህ መካከል ሦስቱን ልብ በሉ። አምባላጌ በዲሴምበር 1895፣ መቀሌ በጃንዋሪ 1896፣ አድዋ በማርች 1896 የኢጣሊያ ጦር ድል የሆነባቸው ስፍራዎች ናቸው። በመቀሌ ምሽጉ የተለቀቀው ኢትዮጵያውያን ምንጩን ይዘው ውኃ ስለከለከሉ ነበር። እንደ እኔ ንባብ፣ እነዚህን ስሞች በመርከብ ላይ መጻፍ «የቆየው ውርደት ተፋቀ» ብሎ ማወጅ ነው።

«መቀሌ» በ1936 በላ ስፔዚያ ባሕር ላይ ወረደች። ጁን 10 ቀን 1940 ኢጣሊያ ወደ ጦርነቱ ስትገባ፣ ምጽዋ ከነበሩት 8 ሰርጓጅ መርከቦች አንዷ እርሷ ነበረች። ወዲያውኑ ለቅኝት ወጣች። ከማቀዝቀዣው ቧንቧ ሜቲል ክሎራይድ የተባለ ጋዝ ያፈተልክ ጀመር። ጋዙ ቀለም የለውም፤ ሽታውም እምብዛም አያስታውቅም። በቀይ ባሕር ሙቀት ተዘግተው የነበሩት መርከበኞች ራሳቸውን መቆጣጠር ተሳናቸው፤ አዛዡም ከመመረዝ አላመለጠም። ጁን 15 መርከቧ ከፖርት ሱዳን ደቡብ ምሥራቅ በምትገኝ ደሴት ዳርቻ ከኮራል ዐለት ጋር ተላትማ ሰጠመች። የጠላት ጥይት አልነካትም።

የተረፉት ሰዎች በምድረ በዳዋ ደሴት ላይ ቀሩ። ሦስቱ በትንሽ ጀልባ እየቀዘፉ እስከ ኤርትራ ጠረፍ ደርሰው እርዳታ ጠየቁ። ጁን 22 «ጉሊየልሞቲ» የተባለች ሰርጓጅ መርከብ ጓዶቻቸውን አነሣች። አንድ መርከበኛ ግን እዚያው አርፎ ተቀብሯል። የወራሪ ጦር አባል ቢሆንም፣ መርዙ ለበቀል ስያሜው ተጠያቂ ከሆኑት ይልቅ የተራውን ሰው ሕይወት መቅጠፉን መመዝገብ የታሪክ ጸሐፊ ግዴታ ነው።

የሌሎቹስ ዕጣ? «ጎንደር» በሴፕቴምበር 1940 በእስክንድርያ አቅራቢያ፣ «አድዋ» በሴፕቴምበር 1941 በሜዲትራንያን ባሕር ጠፉ። ከምድቡ ጦርነቱን ተሻግራ የተረፈችው «አላጌ» ብቻ ናት። በየብስ ደግሞ የአኦስታው መስፍን በሜይ 1941 እጁን የሰጠው በዚያው በአምባላጌ ነው፤ የኢጣሊያ የመጨረሻው ጦርም በኖቬምበር 1941 በጎንደር ተማረከ።

እንግዲህ ተማሪዎቼ፣ የአገራችሁን ስፍራ ስም በባዕድ መዝገብ ውስጥ ስታገኙ «ይህ የእነርሱ ታሪክ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ስሙን ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደ ሰጠ ጠይቁ። መርከቧን የሠራት ሌላ ነው፤ ስሙ ግን የእኛ ነው፤ ትርጉሙን የማስረዳት ኃላፊነትም በእኛ ላይ ይወድቃል።