ስንቅ ከራቤል
ራቤል ላለ ቤተሰብ፣ ደብረ ብርሃን የታሰረን ዘመድ መጠየቅ ደርሶ መልስ አይደለም። መንገዱ በመሐል ሜዳ አድርጎ ጣርማ በር ላይ ከደሴው አስፋልት ይገናኛል። እስረኛው ቃሊቲ ከሆነ ደግሞ ከደብረ ብርሃን በኋላ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨመራል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 እስረኛ ከትዳር ጓደኛው፣ ከዘመዶቹ፣ ከወዳጆቹ፣ ከሃይማኖት አባቱ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብት ይሰጠዋል። ቀኑንና ሰዓቱን ግን ማረሚያ ቤቱ ይወስናል። ስለዚህ ሳይጠይቁ መነሳት ደግ አይደለም፤ መታወቂያም ጊዜው ያላለፈበት መሆን አለበት።

ልምድ ያላቸው ቤተሰቦች ተራ ይገባሉ። ከተማ ያለው ዘመድ በየሳምንቱ ይሄዳል፤ የአገር ቤቱ ወገን አዝመራው ሲሰበሰብ የመንዝ ገብስ በሶና ቆሎ ይዞ ይመጣል። በሶ ይመረጣል፣ አይበላሽማ! ወጥ ያመጣ ሰው በር ላይ ክዳኑን ከፍቶ፣ በጥበቃው ፊት አንድ ጉርሻ ራሱ እንዲቀምስ ይደረጋል። ተራውን የሚይዝ አንድ ሰው ከሌለ፣ አንድ ቀን አምስት ጠያቂ ይሰለፋል፤ ከዚያ ወር ሙሉ የሚመጣ ይጠፋል። ለእስረኛ ከዚህ የከፋ የለም።

የጠያቂ ናፍቆት የእኛ አገር ብቻ አይደለም፤ ኔልሰን ማንዴላ ሮበን ደሴት ሲታሰሩ የተፈቀደላቸው በ6 ወር 1 ጠያቂ፣ ለ30 ደቂቃ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት በ2008 በስማቸው የሰየመው ደንብ፣ እስረኛ በተቻለ መጠን ለቤቱ ቅርብ እንዲታሰር፣ ሲዛወርም ለቤተሰቡ ወዲያው የማሳወቅ መብት እንዲኖረው ይደነግጋል። ዝውውሩን ያልሰማ ጠያቂ ስንቁን ተሸክሞ ከበር ይመለሳል።